ጭስ የሌለው ገንፎ፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ሥር ፍል ውሃ

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ከደብረ ማርቆስ ወጣን። እኛ ማለት እኔ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ደሴ፣ እና ዳልቻ የምንላት አህያችን ነን። አያ ደሴ ጥጥና በርበሬ ከገበያ ገበያ የሚያዞር ነጋዴ ስለሆነ ከጣሊያኖቹ ምሽግ የተሰጠው የማለፊያ ወረቀት አለው። እኔ የማለፊያ ወረቀት የለኝም። እኔ ያለኝ ትእዛዝ ነው።

ትእዛዙን የሰጠችኝ እናቴ ናት። ታላቅ እህቴ ማናህሎሽ ከባሏ ጋር የምትኖርበት መንደር ባለፈው በጋ ተቃጠለ። ባሏ ከአርበኞቹ ጋር ዱር ሲገባ እሷ ከጎረቤቶቿ ጋር ጮቄ ሥር ወዳለ ሸለቆ ሸሸች። አሁን ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ አውሮፕላን ጭስ ያየበትን ስለሚደበድብ እዚያ እሳት አይነድም፣ ሰዉ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ እየበጠበጠ ነው የሚኖረው። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልዋጥላት አለ። ወደ ከተማ እንዳታስመጣት የማናህሎሽ ባል ስም በምሽጉ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሚስቱ ከተገኘች ትታሰራለች። እዚያው እንዳትተዋት ደግሞ አራስ ያለ እሳትና ያለ ገንፎ እንዴት ትሆናለች?

«ትርንጎ፣ አንቺ ዓይን አለሽ» አለችኝ ስንቄን እየቋጠረች። «ሄደሽ እይልኝ። ሞቋት የምትተኛበት፣ ትኩስ የምትቀምሰው ካለ ትቆይ። ከሌለ ግን ይዘሻት ውረጂ፤ የመጣው ይምጣ።»

አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የተሰጠኝ ትልቁ ኃላፊነት ዶሮ መቁጠር ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ እንዳልረሳ ልጽፈው ወሰንኩ። ፊደሉን የሰፈራችን የኔታ አስቆጥረውኛል፤ የራሴን ሐሳብ መጻፍ የጀመርኩት ግን ዘንድሮ ነው፤ ከጀመርኩ ወዲህም እጄን የሚያቆመው አልተገኘም። ወረቀቴ የስኳር መጠቅለያ የነበረ ሰማያዊ ወረቀት ነው፤ ቆርጬ ሰፋሁትና ጥጡ መካከል ደበቅሁት። የሸለቆውን ስም አልጽፈውም። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ሌላው እንዳየሁት ነው።

በሩ ላይ

ከከተማው መውጫ ላይ ለጣሊያን ያደረ የእኛው አገር ሰው ቆሞ ጭነት ይፈትሻል። ከዳልቻ ጭነት ላይ የእናቴን የገንፎ ማማሰያ መዘዘና በሁለት እጁ ይዞ አገላበጠው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማማሰያ አታውቅም እንዴ? እናትህ ገንፎ በጣቷ ነው የምታገነፋው?» አለ አያ ደሴ። «የዚች ልጅ ዘመድ ሮብ ገበያ ልትወልድ ነው።»

ሰውዬው ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በጣም በደግ ድምፅ፣ «ማማሰያ ብቻውን ምን ያደርጋል፤ ጨውስ ይዛችኋል?» አለኝ።

እኔም ጎበዝ ልጅ ነኝና «አዎ! እናቴ ግማሽ አሞሌ ከላከችው ጌሾ ሥር አድርጋልናለች!» ብዬ መለስኩ።

ግማሹን አሞሌ ከጌሾው ሥር አውጥቶ ኪሱ ከተተና አሳለፈን። አያ ደሴ አንድ ጋሻ መሬት ያህል እስክንሄድ አልተናገረኝም። በመጨረሻ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ይጻፍ፣ አፍሽ ይረፍ» አለኝ።

ከጨሞጋ እስከ ሮብ ገበያ

ጨሞጋን የተሻገርነው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። ክረምቱ ከወጣ ገና ወር ስለሆነው ውሃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ፤ ዳልቻ መሐል ላይ ቆማ አልሄድም ብላ ከኋላ እየገፋን አሻገርናት። ከወንዙ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ ታች ቢጫ፣ ከፍ ስንል እሸት፣ ከዚያም ከፍ ስንል ገና ቡቃያ። በአንድ ቀን መንገድ ሦስት ወር ወደ ኋላ የሄድኩ መሰለኝ። ምሳችንን ቆሎና የኑግ ልጥልጥ ያለበት ቂጣ በአንድ ኮሶ ዛፍ ጥላ በላን።

ያደርነው ከሮብ ገበያ ወዲህ ባለ የአያ ደሴ ደንበኛ ቤት ነው። በማግስቱ ረቡዕ ስለነበር ገበያው ቆሟል። እንደ ከተማችን ገበያ አይጮህም፤ ሰዉ በጆሮ ነው የሚነጋገረው። ድንች፣ እንግዶ የሚሉት የደጋ እህል፣ የበግ ቆዳ፣ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ባና አየሁ። ባናው እንዴት ያምራል! ጨው ጠየቅሁ። አንዲት ሴትዮ አውራ ጣት የምታክል ስባሪ አሳየችኝና የጠራችው ዋጋ አንድ ጠቦት ይገዛል። ስለ ጨው ያኔ ነው ከልቤ ያዘንኩት። ብርና የጣሊያን ሊሬ የሚለዋውጥ አንድ ሰው ደግሞ ሊሬውን ወርውሮ ሲስቅ ነበር፤ በዚያ ገበያ በወረቀት ገንዘብ የሸጠ አላየሁም።

አያ ደሴ ጥጡን እዚያው መሸጥ ስላለበት እኔን ብቻ አድርሶኝ ሊመለስ፣ በሚቀጥለው ሮብ ደግሞ ሊወስደኝ ተስማማን። ከገበያው በስተሰሜን ወጣን። ዛፉ እያለቀ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ረጅሙ የውርጭ ተክል ጅባራው እንደ ሰው ቆሞ ታየ፣ ከዚያ ወደ አንድ ሸለቆ ቁልቁል ገባን። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሰው ያለበት አይመስልም። ጎጆዎቹ ሣር ለብሰው ከዳገቱ ጋር አንድ ሆነዋል። አንድም ጭስ የለም።

እህቴን አገኘኋት

ማናህሎሽ ሁለት ባና ደርባ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ነው የተቀበለኝ። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን፣ ከዚያ ወዲያው «ማማሰያ ይዘሽ መጣሽ? እብድ ናት እናታችን!» ብላ ሳቀች። ሳቋ አልተለወጠም። እጇ ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ራቷ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ፤ ቁርሷም እሱው።

«ትወርጃለሽ» አልኳት። «እናቴ ብላለች።»

«ወርጄ የት ልገባ? እስር ቤት ልወልድ?»

«እዚህስ በምን ልትሞቂ ነው?»

«በሕዝቡ» አለችኝ፣ አጠገቧ የተቃቀፉትን ልጆች እያሳየች። እየቀለደች ነው፤ ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ በልቤ ቆረጥኩ። አያ ደሴ ሲመለስ ይዣት እወርዳለሁ።

ሐሙስ፦ የአተሬ ነገር

ከጎጆዎቹ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ ፍል ውሃ አለ። ከጥንት ጀምሮ የአንድ ጻድቅ ጠበል ነው። የሚጠብቁት እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ መነኩሲት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያዩሽ ኃጢአትሽን የሚቆጥሩ ዓይነት። የውሃው ዓይን በድንጋይ አጥር ተከቧል። እዚያ በባዶ ሆድ ነው የሚገባው፤ ጫማም፣ ምግብም ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። ዓይኑ ራሱ ይንተከተካል፣ እጅ አይነካውም፤ ሰዎቹ የሚጠመቁት ከቀዝቃዛው ምንጭ ጋር በተቀላቀለበት ገንዳ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ለመጠመቅ ሄድኩ። ሌሊቱን ነክሬ ያሳደርኩት አተር በከረጢት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከጠበል በኋላ ልቆረጥመው ነው። ምግብ ውጭ ይቀራል ስላሉኝ ከአጥሩ ውጭ፣ ትርፉ ውሃ በሚወጣበት ቦይ ዳር፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ገባሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ከዚያ ሴቶች። ጸሎቱም ጊዜ ወሰደ። ተጠምቄ ስወጣ ፀሐይዋ ከገደሉ በላይ ወጥታለች። ከረጢቴ ድንጋዩ ላይ የለም። ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገብቷል።

አወጣሁት። ያቃጥላል። ፈታሁት። አንዷን አተር በጣቴ ብጫናት እንደ ቅቤ ለሰለሰች። አፌ ጨመርኳት። ትኩስ ነበረች! ሰዎች፣ ትኩስ ንፍሮ! ከትናንት ጀምሮ ቀዝቃዛ በሶ ብቻ ለቀመሰ አፍ ምን እንደሆነ እንዴት ልጻፍላችሁ። አንድ እፍኝ ጎርሼ ጉንጬ ተነፍቶ ሳለ ጥላ አረፈብኝ።

«ምን ትበያለሽ?» አሉ እማሆይ።

«እ-ም» አልኩ።

«ዋጪና ተናገሪ።»

ዋጥኩና የሆነውን ተናገርኩ። ዓይናቸው ከእኔ ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ አጥሩ ሄደ። «በጠበል አተር ቀቀልሽ?»

«እኔ አልቀቀልኩም እማሆይ፣ ራሱ ነው የተቀቀለው!»

ወሬው ጎጆ ለጎጆ ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ ሰዉ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ተሰበሰበ። ግማሹ «ድፍረት ነው፣ ጠበሉ ይሸሸናል» ይላል፤ ግማሹ አተሬን አሻግሮ ያያል። አያ ገላው የሚባል ትከሻው ሰፊ ሰውዬ «እስቲ ለመፍረድ እንድንችል እንቅመሰው» ብሎ ከረጢቴን ተቀበለኝና ፍርዱን ሊጨርሰው ጥቂት ቀረው።

ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ወር ማንም ለምን አላሰበውም? ጠየቅሁ። ሸሽተው የመጡት በሰው አገር ጠበል እጃቸውን መስደድ ፈሩ። እማሆይ ደግሞ ከመነኮሱ ጀምሮ የሚበሉት የተነከረ ጥሬ ነው፤ ስለ ምድጃ አስበው አያውቁም።

እኔ አፌ እንዲያርፍ ብታዘዝም አላረፈም። «እማሆይ፣ እህቴ ልትወልድ ነው። ትኩስ ካላገኘች ይዣት ልወርድ ነው፤ ከወረደች ትታሰራለች። ጠበሉ የሚያልቀው የት ላይ ነው? እሱን ይንገሩኝና ከዚያ በታች ያለውን ውሃ ብቻ እንጠቀም።»

ቦዩን በዓይናቸው ቁልቁል ተከተሉት። ከዚያ «አላውቅም» አሉ። አንድ ትልቅ ሰው አላውቅም ሲል መስማት እንዴት ደስ ይላል! «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ነገ እነግርሻለሁ።»

ዓርብ፦ ፍርዱ

በማግስቱ እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ከዓይኑ ተነሡና ወደ ታች መራመድ ጀመሩ። ከአጥሩ አለፉ። ቦዩ ጥቁር ድንጋይ ላይ ወድቆ በሚሰበርበት ቦታ ቆሙና መቋሚያቸውን ተከሉ።

«ከዚህ በላይ የጻድቁ ነው» አሉ። «ድስት ቀርቶ ጣት እንዳይነከር። ከዚህ በታች ለተቸገረ የተለቀቀ ነው። ግን አንድ ነገር ስሙኝ። በጻድቁ ስም የተዘጋጀ ምግብ ለብቻ ይበላል እንዴ?»

«አይበላም» አለ ሰዉ።

«እንግዲህ በዚህ ውሃ የበሰለ ሁሉ እንደዚያው ነው። ለብቻው የሚቀቅል አይኑር። የቀቀለ ያካፍል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ገላው ዞረ። ለካ ጎጆው ውስጥ አንድ ስልቻ ባቄላ ደብቆ ሲቆረጥም እንደከረመ ሁሉም ያውቃል፤ መታወቁን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ምን ታዩኛላችሁ? ላመጣው ነው!» ብሎ ሄደ። ስልቻውን ሲያወርድ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉት፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ፤ የእኔም ወረቀት ሥራ አገኘ። ከጥቁሩ ድንጋይ በታች በየአሥር እርምጃው ድንጋይ አቆምንና በየድንጋዩ አንድ አንድ ከረጢት ባቄላ ከተትን። ሁሉንም ጻፍኩ፦ አንደኛው ድንጋይ፣ ከጠዋት እስከ ረፋድ በሰለ። ሁለተኛው፣ እኩለ ቀን ላይ በሰለ። ሦስተኛው ቢመሽም እንደ ጠጠር ነው፤ ለመታጠቢያ ግን አንደኛ ነው። አራተኛው ግልገል ለማሞቅ። እማሆይ የጻፍኩትን እያስነበቡኝ «ድገሚው፣ ሦስተኛውን ድገሚው» ይሉኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴቶቹ «ስንተኛው ድንጋይ ላይ ነሽ?» መባባል ጀመሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላኑ መጣ። ድምፁን ስሰማ ወደ ቦዩ ዞርኩ፤ ነጭ እንፋሎት ይወጣበታል። ማናህሎሽ እጄን ይዛ ጎተተችኝና «ቀና ብለሽ እይ» አለችኝ። ሸለቆው በሙሉ ጉም ነው። እንፋሎቱ ከጉሙ ይቀላቀላል፣ መለያ የለውም። አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ዞረ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ በእኔ ትንፋሽ እንደሚያየን ሁሉ። ሄደ። ከዚያ በኋላ እኛም ደንብ አወጣን፤ ሰው ከቦዩ ዳር ተሰብስቦ እንዳይታይ ድስት የሚነከረው ጉሙ ሳይገፈፍ ነው።

ወለሉ

የቀረው የመኝታዋ ነገር ነበር። ይህን ያሰበው አያ ገላው ነው፤ የባቄላውን ሐፍረት ሊያጥብ መሰለኝ። ከሁለተኛው ድንጋይ አጠገብ ባለች ባዶ ጎጆ ወለል ላይ ቦይ ቆፍሮ ሙቁን ውሃ አስገባበት፣ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረ፣ በድንጋዩ ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ጓሳ ሣር። ማናህሎሽ ገብታ ተጋደመች። ጥቂት ቆይታ፦

«ገላው! ልወልድ ነው እንጂ ልጠበስ ነው ያልኩህ?»

ሮጦ ከቀዝቃዛው ምንጭ አንድ ቅርንጫፍ ቀላቀለበት። ሲበዛ በሣር ቁራጭ ይደፍነዋል፣ ሲያንስ ይከፍተዋል። መጨረሻ ላይ ወለሉ ልክ ፀሐይ ሲያሞቀው የዋለ ድንጋይ መሰለ። ልጆቹ ከዚያች ጎጆ አልወጣ አሉ፤ ሁለት ድመቶችም ከየት እንደመጡ አልታወቀም። አንዲት አሮጊት «አራስ ከጠበል አጠገብ?» ብለው ሲያጉረመርሙ እማሆይ «ጎጆዋ ከመቋሚያዬ በታች ናት። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም» አሉና ነገሩ አለቀ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማናህሎሽ ሴት ልጅ ወለደች። በዚያች ጎጆ ሰባት ሴቶች ነበርን፤ ሁላችንም ያላበን በሥራ ብቻ አልነበረም።

ገንፎው ትልቅ ክርክር አስነሣ። «ሳይፈላ ገንፎ የለም» አለች አንዷ። «ዱቄቱ እኮ በሶ ነው፣ ቀድሞ ተቆልቷል፤ የሚፈልገው ትኩስ ውሃ ብቻ ነው» አልኩ እኔ። ድስቱን አንደኛው ድንጋይ ላይ እስከ አንገቱ ቀበርነው፣ ውሃው እስኪያቃጥል ጠበቅን፣ ከዚያ ዱቄቱን እየነሰነስን በእናቴ ማማሰያ በየተራ ታገልነው። ቆይቷል፤ ክንዴ ዛለ። ግን ሆነ! መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ተደረገበት። ጨው ብቻ አልነበረውም። ማናህሎሽ አንድ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ «ጨው ጎድሎታል» አለች። ቀጥላም ሳህኑን ጨረሰችው። ስለ ግማሹ አሞሌ አልነገርኳትም።

መመለስ

አያ ደሴ ረቡዕ ከገበያ በኋላ ሲመጣ ማናህሎሽን ለመጫን ከዳልቻ ላይ ባዶ ኮርቻ አስሮ ነበር። ወደ ጎጆዋ አስገባሁት። ጫማውን አወለቀና ወለሉ ላይ ቆመ። ቁጭ አለ። ተጋደመ። «እኔን ነው ከዚህ የምትጭኑኝ» አለ።

ዓርብ ጠዋት ተነሣን። ከመሄዴ በፊት የድንጋዮቹን ዝርዝር ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ ለእማሆይ ሰጠሁ። ማንበብ እንደማይችሉ ያኔ ነው የገባኝ። «ይቀመጥ። የሚያነብ ይመጣል» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በመንገድ ላይ አያ ደሴ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ሌላም ቦታ እንደሚያውቅ ነገረኝ። አንዱ ከሉማሜ ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ አንዱ ደግሞ ከደምበጫ ወዲያ። ሰዉ እየተጠመቀ ይሄዳል እንጂ የቀቀለበት የለም። እኔ እስከ ከተማ ድረስ ይህን ነበር የማስበው። እሳት ማለት እንጨት ማለት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካ ማንም ያልለኮሰው፣ ማንም ቆርጦ ያልተሸከመለት ሙቀት ከእግራችን ሥር ኖሯል፤ እንጨት በሌለበት ከፍታ፣ መንገድ በማይደርስበት ሸለቆ ቁጭ ብሎ የሚጠይቀውን ይጠብቃል። ስንቱ ሸለቆ ይሆን ያልጠየቀው?

በሩ ላይ ያው ሰው ቆሟል። «ወለደች?» አለ።

«ወለደች» አልኩ። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

«ጨዋችሁ ጥሩ ነበር» አለና አሳለፈን። አያ ደሴ በእኔ በጣም ኮራ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ብቻዬን ስታየኝ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «የት ትተሻት መጣሽ?»

ቁጭ አድርጌ ሁሉንም አነበብኩላት። ከረጢቱን፣ መቋሚያውን፣ ድንጋዮቹን፣ ወለሉን፣ የልጅቷን ፀጉር። «ወረቀት የፈለጉትን ያወራል» አለች በመጨረሻ። «እኔ ምኑን ልመን?»

ያን ጊዜ ከጥጡ ከረጢት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣሁ። ዓርብ ጠዋት ማናህሎሽ ከገንፎዋ ቆርሳ የሰጠችኝ ነው፤ ደርቋል፣ የማማሰያው ፈለግ አሁንም ይታይበታል። እናቴ አገላበጠችው። አሸተተችው። ከጠርዙ ቆንጥራ አፏ ከተተች፤ ቀስ ብላ አኘከች።

«ይሄ ጨው የለውም» አለች። «ጨው ልኬ ነበር!»

ስለ በሩ ያኔ ነገርኳት። የሚመጣውን ቁጣ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ቀና ስል እናቴ እያለቀሰችም እየሳቀችም ከጓዳ አንድ ሙሉ አሞሌ ይዛ መጥታለች። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁለት ቦታ ሰበረችው።

«ደሴ» አለች፣ «የፊታችን ሮብ ትሄዳለህ። ይሄ የበረኛው። ይሄ የልጄ።»